ፀሐይ እያለች የጠፋው መብራት

መብራት ሲጠፋ ሌላው ሰው ሻማ ይፈልጋል። እኔ ባለፈው ዓመት መብራት በጠፋ ቁጥር ከቤት ወጥቼ ጣራዬን ቀና ብዬ አይ ነበር። ያየኝ ሰው ዝናብ የምጠብቅ መስሎት ይሆናል። ጣራዬ ላይ ግን ስድስት የሶላር ሰሌዳዎች ተዘርግተዋል። የማያቸው "እናንተ ደግሞ ምን ሆናችሁ?" ለማለት ነበር። መልስ ሰጥተውኝ አያውቁም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። አሳጥሬ መናገር አልችልበትም። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ነገር የሚጀምረው ከደብዳቤው ቁጥር ነው።

የምኖረው ቢቸና ነው። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ቤቱ ስለ ሰፋኝ በግቢው ውስጥ ያለችውን አንዷን ክፍል ብርቱካን ለምትባል ልጅ አከራየኋት። ልጅ እላታለሁ እንጂ አግብታ የፈታች ሴት ናት። ይዛ የመጣችው አንድ ፍራሽ፣ አንድ ሻንጣና አንድ የእንቁላል ማስፈልፈያ ማሽን ነው። ማሽኑ ትልቅ ሳጥን ነው። መቶ አሥራ ሁለት እንቁላል ይጎርስና ሃያ አንድ ቀን በኤሌክትሪክ ያሞቃል፤ ከዚያ ጫጩት ይወጣል። ሲሠራ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ያቃስታል።

"እትዬ፣ ድምፁ ይረብሽዎታል?" አለችኝ በመጀመሪያው ቀን።

"አይ" አልኳት። ይረብሸኝ ነበር። በኋላ ግን የሚረብሸኝ ዝም ሲል ሆነ።

ዝም ማለቱም አልቀረም። የመጀመሪያዎቹ እንቁላሎች በገቡ በአሥራ አምስተኛው ቀን መብራት ጠፍቶ አንድ ቀን ተኩል ሳይመጣ ቀረ። እንቁላሎቹን ከአጥሩ ሥር ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርናቸው። ብርቱካን አላለቀሰችም። አካፋውን አጥባ መለሰችልኝና "አንድ ጊዜ ደግሜ እሞክራለሁ፣ እትዬ። ይኸኛውም ከተበላሸ ዓረብ አገር እሄዳለሁ። ጓደኞቼ ሁሉ እዚያው ናቸው" አለችኝ።

"አንቺ ታውቂያለሽ" አልኳት። ሌላ ምን ይባላል?

አካፋውን ቦታው መልሼ ሞጣ ላለው ወንድሜ ስልክ ደወልኩ። እኔ ለወንድሜ የምደውለው ሰው ሲሞት ብቻ ስለሆነ ገና ሃሎ ሳልለው "ማን ሞተ?" አለኝ።

"ሰው አልሞተም። መብራት ነው የሚሞተው" አልኩት።

"እታለም፣ ለእሱማ መድኃኒቱ እኔ ዘንድ ነው!"

ወንድሜ ጌትነት የፊዚክስ መምህር ነበር። ጡረታ ወጣ እንጂ ማስተማሩን አልተወም፤ አሁን የሚያስተምረው ያገኘውን ሁሉ ነው። በሳምንቱ ስድስቱን ሰሌዳዎች ሚኒባስ ጣራ ላይ አስጭኖ፣ ከሞጣ እስከ ቢቸና ላለው ተሳፋሪ ስለ ፀሐይ ጨረር እያስተማረ መጣ። ሲወርድ ረዳቱ እንደ መገላገል አድርጎት "ፋዘር፣ በሉ በሰላም ግቡ" አለው።

ሰሌዳዎቹ ጣራ ላይ ወጡ። ግድግዳዬ ላይ ደግሞ አንዲት አረንጓዴ መብራት ያላት ነጭ ሣጥን ተሰቀለች። የፀሐዩን ኃይል ለቤት የሚሆን ኤሌክትሪክ የምታደርገው፣ ከከተማው መስመር ጋር የምታገናኘውም እሷ ናት። ስሟ ኢንቨርተር ነው።

"ባትሪውስ፣ ጋሼ?" አለች ብርቱካን።

ጌትነት የቤት ሥራ እንዳልሠራ ተማሪ አያት። "ባትሪ የድሮ ነው። መስመሩ ራሱ ባትሪያችን ነው። ቀን የተረፈንን ወደ መስመሩ እንለቃለን፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ከመስመሩ እንወስዳለን። ከእንግዲህ እናንተም እንደ ግድቡ አመንጪዎች ናችሁ።"

"እንደ ግድቡ?" አልኩት።

"የሚለየው መጠኑ ብቻ ነው።"

ወደ መስመሩ ለመልቀቅ ግን ፈቃድ ያስፈልጋል። ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጉዳዩ፣ ዋቢው፣ አባሪው፣ ሁሉም በየቦታው ነበር። በመብራቱ ቢሮ መስኮት ላይ ያለው ልጅ ሁለት ጊዜ አነበበው።

"እማማ፣ መብራት እንዲገባልዎ ነው?"

"ገብቶልኛል።"

"ተቋርጦብዎ ነው?"

"አልተቋረጠም።"

"ታዲያ ምን ፈልገው ነው?"

"መብራት ልሰጣችሁ።"

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ወደ ኋላው ዞር ብሎ ሰው ፈለገ፤ ሰው አልነበረም። "ለእኛ?" አለኝ።

"ለመስመሩ።"

"በቅሬታ ፋይል ላስገባው?"

"ቅሬታ የለኝም።"

ብዙ ካሰበ በኋላ 'ልዩ ልዩ' የሚል ፋይል ውስጥ አስገባው። 'ልዩ ልዩ' ውስጥ የገባ ወረቀት ምን እንደሚሆን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ስንቱን በገዛ እጄ እዚያ ከትቻለሁ! ስለዚህ በየማክሰኞው እየሄድኩ ቢሮው ደጃፍ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። አልጨቀጨቅሁም፤ ተቀመጥኩ ብቻ። በአምስተኛው ማክሰኞ ኃላፊው ወጡና ለሙከራ እንዲገናኝ የሚል ደብዳቤ ሰጡኝ። አግዳሚው እንዲለቀቅላቸው ነው ብዬ አምናለሁ።

ደብዳቤውን ተከትሎ የመጣው አያሌው የሚባል የመስመር ሠራተኛ ነው። ዕድሜውን ምሰሶ ላይ የጨረሰ፣ መሬት ላይ ሲቆም ቁመቱ የሚያጥርበት የሚመስል ሰው። ሽቦውን ሁሉ አየና "እስቲ አሁን ዋናውን ላጥፋው" ብሎ ከቆጣሪው ሥር ያለውን ማጥፊያ ወደ ታች መታው። ነጯ ሣጥን አንዴ ጢጥ አለች፤ አረንጓዴው ወዲያው ቀይ ሆነ። አያሌው ፊቱ በራ።

"ደግ! ይቺ ልብ አላት።"

"ደረጃዋን የጠበቀች ናት" አለ ጌትነት።

እኔ ማንም ሳያዘኝ ቃለ ጉባኤ ይዤ ነበር። 'ዋናው መስመር ሲጠፋ መሣሪያው ወዲያውኑ አብሮ ጠፍቷል፤ በትክክል መሥራቱም ተረጋግጧል' ብዬ ጻፍኩ። ሦስታችንም ፈረምን። ዓይኔ እያየ፣ እጄ እየጻፈ፣ የከተማው መብራት ሲጠፋ የእኔም አብሮ እንደሚጠፋ በፊርማ አረጋገጥኩ ማለት ነው። ወረቀቱንም አጣጥፌ በትክክለኛው ፋይል አስቀመጥኩት። ሳይገባኝ በትክክል ማስቀመጥ ሙያዬ ነው።

በእኛ ሰፈር አንድ ቆጣሪ የአንድ ቤት አይደለም። ቆጣሪ የሌለው ካለው ላይ ሽቦ ይስባል፤ ይህ ከጎረቤት እሳት ከመጫር የተለየ ነውር የለውም። ስለዚህ የራሴ መብራት እንዳለኝ በተወራ በሁለተኛው ቀን ከአጥሩ ማዶ የምትኖረው ጥሩወርቅ ብቅ አለች።

"የራስሽ ግድብ አለሽ አሉ።"

"የለኝም።"

"አይ፣ አትፍሪ፣ አልወስድብሽም። መብራት የጠፋ ዕለት ሽቦ ይዤ መምጣት ነው።" ወደ ብርቱካን ዞረችና "አንቺ ደግሞ እንቁላል በሣጥን! ዶሮ ምን በድላሽ ነው?" አለቻት።

ብርቱካን ሳቀችና ሁለተኛዎቹን መቶ አሥራ ሁለት እንቁላሎች ማሽኑ ውስጥ ደረደረች።

አሥራ ስምንት ቀን ሁሉም ሰላም ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ፣ ወደ ደብረ ወርቅ በሚወስደው መንገድ አንድ ባሕር ዛፍ ሽቦው ላይ ወደቀ። ይህን የሰማሁት በኋላ ነው። በሰዓቱ የሰማሁት የማሽኑን ዝምታ ነው። እየሮጥኩ ወጣሁ፤ መሮጥ በእኔ ዕድሜ ነጠላ ሳያስተካክሉ መራመድ ነው። ድንጋይ የሚሰነጥቅ ፀሐይ ነበር። ሰሌዳዎቹ ያብረቀርቃሉ። ገብቼ ግድግዳውን ሳይ ሣጥኗ ቀይ ናት።

ብርቱካን ከማሽኑ አጠገብ ተንበርክካለች። የሙቀቱ ቁጥር ከሠላሳ ሰባት ተኩል ወደ ሠላሳ ስድስት እየወረደ ነው። "ጆሮዎን ያስጠጉ፣ እትዬ" አለችኝ። አስጠጋሁ። አንዳንዶቹ እንቁላሎች ውስጥ ቀጭን ድምፅ አለ። ባልሰማው ይሻለኝ ነበር።

ለጌትነት ደወልኩ።

"ፀሐይ አለ?" አለኝ።

"አናቴን እየበሳኝ ነው።"

"እንግዲያው ይሠራል።"

"አልሠራም።"

"መሥራት አለበት!"

"አንተው ንገረው" ብዬ ስልኩን ወደ ሣጥኗ አስጠጋሁት። ወደ ጆሮዬ ስመልሰው "መጣሁ" ብሎ ዘጋው።

እስኪመጣ ማሽኑን በሁለት ጋቢ ጠቀለልነው። ያን ጊዜ ነው ጎረቤቶቼ የመጡት። ስምንት ሴቶች፣ ስልካቸውንና ቻርጀራቸውን ይዘው። ጥሩወርቅ ጥቅል ሽቦ ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላለች።

"መብራቴ ጠፍቷል" አልኳቸው።

"የጠፋው የእኛ ነው። የአንቺው ጣራሽ ላይ አይደል?" አለች ጥሩወርቅ።

"አብሮ ነው የሚጠፋ።"

"ታዲያ ምን ሊያደርግልሽ ሰቀልሽው?"

ለጌትነትም፣ ለአያሌውም፣ ለቢሮውም ያልጠየቅሁት ጥያቄ ይህ ነበር። ዝምታዬን ስስት አደረጉትና አንዷ በበሩ አንገቷን አስግጋ አምፖሌ በርቶ እንደሆነ አየች። ሰው ቤቴ ገብቶ በማያውቅበት ዘመን ሁሉ ክፉ ስም አልነበረኝም፤ አሁን በአንድ ረፋድ ፀሐይን የምትደብቅ ሴት ሆንኩ።

ጌትነት ቀትር ላይ ደረሰ። ሣጥኗን አየ፤ ሰሌዳዎቹን አየ፤ ፂሙን አሸ። "ገባኝ" አለ። "መስመር ስታጣ ትተኛለች። መስመር ያለ እንዲመስላት ማታለል ነው።" ወጥቶ የሰፈሩን ፀጉር አስተካካይ ትንሽ ጄኔሬተር ከነባለቤቱ በጋሪ ይዞ መጣ። ሁለት ጫፉ ወንድ ሶኬት የሆነ ሽቦም ቀጠለ። አንደኛው ጫፍ ጄኔሬተሩ ላይ፣ ሌላው ግድግዳዬ ላይ ተሰካ።

"ጋሼ" አለች ብርቱካን፣ "ጄኔሬተር ካለ የእኔን ማሽን በቀጥታ በሱ ብናሞቀውስ?"

ሁሉም ጌትነትን አየ። እሱ የቤንዚኑን ክዳን ከፍቶ መልሶ ዘጋው።

"ቤንዚኑ ለአንድ ፀጉር እንኳ አይበቃም" አለ ፀጉር አስተካካዩ። "ከተማው ውስጥም የለም።"

"እኮ! ለዚህ ነው!" አለ ጌትነት እንደ ዳነ ሰው። "ለመቀስቀሻ ብቻ ነው የምንፈልገው። አንዴ ከነቃች በፀሐዩ ራሷን ትችላለች።" ቀጥሎ ስምንቱን ሴቶች አየ። ስስታም መባሌን ሰምቷል፤ ወንድሜ ነውና አልወደደውም። "ዋናውንም ማጥፊያ ሳናጠፋ እንተወዋለን። ለሰፈሩ ሁሉ ይዳረስ!"

እልል አሉ። ጥሩወርቅ ሽቦዋን መፍታት ጀመረች። ጌትነት የጄኔሬተሩን ማስነሻ ገመድ በእጁ ጠቀለለ።

ስልኬ ጮኸ። አያሌው ነው።

"እማማ፣ ደኅና ዋሉ? ልወጣ ስል ትዝ አሉኝ። ሣጥንዎ ተኝታለች?"

"ቀይ ናት።"

"ደግ። በዚህ መስመር ላይ የርስዎ ቤት ብቻ ነው የሚያሰጋኝ። ሽቦውን በእጄ ልይዘው ነው፣ ያው እንዲሁ ትቆይልኝ።"

የተናገረው እንደ ተራ ነገር ነው። ሣጥኗ ለምን አብራ እንደምትተኛ፣ አያሌውም ያን ቀን ለምን ፊቱ እንደበራ የገባኝ ግን ያን ጊዜ ነው። ከእኔ ግድግዳ ተነሥቶ በቆጣሪው አልፎ እጁ ላይ የሚያርፍ ሽቦ አለ። ሰፈሩ ሁሉ እየጠበቀ ነው። ብርቱካን የጄኔሬተሩን ገመድ እያየች ነው።

"ጌትነት፣ ገመዱን ልቀቅ" አልኩት።

"አንዴ ብቻ ልሳበው፣ እታለም።"

"አያሌው ምሰሶ ላይ ነው።"

"እሱ እኮ ያለው ሩቅ…" አለና ቆመ። ገመዱን ለቀቀና ጄኔሬተሩ ላይ ተቀመጠ። "አስተምሬዋለሁ" አለ። "ይህንኑ ስንት ዓመት አስተምሬዋለሁ!"

ሶኬቱን ከግድግዳው ነቀልኩ። ዋናውን ማጥፊያ ወደ ታች መታሁና በርጩማ አምጥቼ ከቆጣሪው ሥር ተቀመጥኩ። "ውጣ ልጄ" አልኩት በስልኩ። "እዚሁ ተቀምጫለሁ፤ ማንም አይነካውም። መቼ ይመጣል?"

"ሦስት ቦታ ተበጥሷል፣ እማማ። ነገ ከቀትር በኋላ ቢሆን ነው።"

"ነገ" አልኳት ብርቱካንን።

የሙቀቱ ቁጥር ሠላሳ አራት ላይ ነበር። ራሷን ነቀነቀች። "እንግዲህ በቃ፣ እትዬ። አልሆነልኝም" አለችና ጋቢዎቼን ገልጣ በሥርዓት ማጠፍ ጀመረች። ለአያሌው ቃል ስለ ገባሁ ከበርጩማዬ መነሣት አልቻልኩም።

ጥሩወርቅ ሽቦዋን መልሳ እየጠቀለለች "ምን ሆናችሁ ነው እንደ ለቅሶ ቤት ዝም ያላችሁት?" አለች።

"እንቁላሎቹ በረዳቸው" አልኳት።

"ታዲያ ዶሮ የለም? ያቺ ገብስማዬ ባዶ ጎጆ ታቅፌ እሞታለሁ ብላ እንቢ ካለችኝ ሁለት ሳምንቷ ነው። ያንቺስ፣ ሙሉ?"

"የእኔ ሁለት ናቸው የታቀፉት" አለች ሙሉ የተባለችው፣ አምፖሌን አንገቷን አስግጋ ያየችው ሴት። ሌላዋም አላት። የእህቷም አላት።

ስልኮቹ ወደ ብብት ገቡ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አጠፍ አጠፍ አድርገው ዘረጉ፤ ብርቱካን ካጠፈቻቸው ጋቢዎች አንዱን ጥላ ተነሣችና እንቁላል ማደል ጀመረች። እኔ ከቆጣሪው ሥር ሳልነሣ ደብተር አስመጣሁ። የዶሮዋ ባለቤት፣ የዶሮዋ መልክ፣ የእንቁላል ብዛት።

"ልፈርም?" አለች ጥሩወርቅ።

"ፈርሚ።"

"ዶሮዋስ?"

ሁሉም ሳቁ። እኔ የምሬን ነበር።

በስምንት ዶሮዎች ሥር ዘጠና ስድስት እንቁላል ገባ። የቀሩትን አሥራ ስድስት ማሽኑ ውስጥ ትተን፣ ሙቅ ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ እየሞላን ዙሪያቸውን ደረደርን። ጌትነት በባርኔጣው እንቁላል ተሸክሞ ሲመላለስ ዋለ። ከሙሉ ዶሮዎች ለአንደኛዋ ስለ ሙቀት መተላለፍ ሊያስረዳት እጁን ሲያስገባ ነቆረችውና ደማ። ዕድሜ ልኩን እንዲህ ያለ ተማሪ አላጋጠመውም።

አያሌው በማግሥቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደወለ። "ወርጃለሁ፣ እማማ" አለኝ። ማጥፊያውን ወደ ላይ መታሁት። ማሽኑ ማቃሰት ጀመረ።

ሰባ ዘጠኝ ጫጩት ተፈለፈለ። ብርቱካን ጫጩቶቿን ልትሰበስብ ቅርጫት ይዛ ስትሄድ ግን ዶሮዎቹ ስለ ማሽኑ የሰሙት ነገር የለም፤ እጇን ሁሉ ጭረት በጭረት አድርገው ሰደዷት። "ይቆዩልሽ፤ እስኪጠነክሩ ከእናታቸው ጋር ይዋሉ" አሏት ሴቶቹ። ስለዚህ ጫጩቶቹ በሰፈሩ ተበትነው ከረሙ፤ እኔም ደብተሬን ይዤ በየቀኑ ከግቢ ግቢ ስቆጥር ከረምኩ። ከጥሩወርቅ ጋር ሃያ ዓመት ተጎራብተን ግቢዋን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ጽጌረዳ አላት።

በኋላ ሞጣ ሄድኩ፣ ወንድሜን ለመጠየቅ። ስቀመጥ እግሬ ከአልጋው ሥር አንድ ነገር መታ። የአልጋ ልብሱን ገለጥኩት። ሁለት ባትሪዎች ናቸው።

"ይህ ምንድን ነው?" አልኩት።

"ባትሪ።"

"ባትሪ የድሮ ነው አላልክም?"

"ለሰው የምነግረው ሌላ ነው፣ እታለም" አለ ቀስ ብሎ።

"እኛ ቤት መብራት ጠፍቶ አያውቅም" አለች ሚስቱ፣ በኩራት።

አልተቆጣሁም። አንደኛውን መኪናው ድረስ ተሸክሞ እንዲያስጭንልኝ ብቻ ነገርኩት። ከሞጣ እስከ ቢቸና በእግሮቼ መሃል ይዤው መጣሁ። አያሌው ከባትሪው የሚነሣው ሽቦ ከማስፈልፈያው በቀር የትም እንዳይደርስ፣ ወደ ከተማው መስመርም እንዳያልፍ ለይቶ ቀጠለው። ሦስት ጊዜ አጥፍቶ አበራው። ሣጥኗ ስትተኛ ማሽኑ ሳያቋርጥ አቃሰተ። አያሌው ሲወጣ "አሁን ሁለታችንም እንተኛለን" አለኝ።

ብርቱካን አዲስ እንቁላል ደረደረችና በሩን ዘጋች። "እንግዲህ ሃያ አንድ ቀን ከዚህ አልነቃነቅም፣ እትዬ" አለች እየሳቀች።

"ደግ" አልኳት።

ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ አስፈልፍላለች። ስለ ዓረብ አገሩ አንሥታ አታውቅም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። አንድ ነገር ብቻ ደርሼበታለሁ፤ ማሽኑ ውስጥ እንቁላል እያለ ሰው የትም አይሄድም። ስለዚህ ጫጩቶቹ ሊወጡ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ነጠላዬን አጣፍቼ በየግቢው እዞራለሁ፤ አውራ ዶሮ ካለበት ቤት የተገኘ ትኩስ እንቁላል እመርጣለሁ። ለምን እንዲህ እንደምደክም ጥሩወርቅ ጠይቃኛለች። ማሽን ባዶውን ሲቀመጥ ይበላሻል ብያታለሁ።